ጨፌው የማን ነው?

ለኢድም ሆነ ለሠርግ ቤታችን የምንጎዘጉዘው ጨፌ የት እንደሚበቅል ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? እኔም ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ሄጄ ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ እስካየው ድረስ ከገበያ አንድ እስር ገዝቶ ከመመለስ በቀር አስቤበት አላውቅም ነበር።

በዚያ አገር ጨፌ የሣሩ ብቻ ሳይሆን የረግረጉም ስም ነው። (የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት መጠሪያ ከዚሁ ቃል መሆኑን ልብ ይሏል።) ሣሩ ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ ከዳር የሚፈልቀው ምንጭ የመንደሩ መጠጥ ነው። ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ሲንጠፈጠፍ ደግሞ በቆሎ ይዘራበታል፤ በቆሎውም የደጋው ሰብል ሳይደርስ፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወር ይደርሳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደርግ በምግብ ራስን መቻል በሚል ረግረጉ እንዲታረስ መገፋፋቱም ይታወቃል።

ገበሬዎቹ «አባ ለጋ» የሚሉት፣ የወንዝ አባት እንደማለት ነው፣ ቦይ የሚቆፈርበትንና ከብት የማይገባበትን ጊዜ ያስተባብራል። ምንጩ ያለበት የረግረጉ ራስ አይነካም፤ አዝመራው ሲነሳም ውኃው ተመልሶ እንዲተኛ ቦዩ በአፈር ይደፈናል።

እኔ በተገኘሁበት ሸንጎ አንድ የስድስት ልጆች አባት ያንኑ ራሱን ልረስ ብሎ ለመነ። ከለከሉት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎችን በውኃና በግጦሽ ሸሪኮች ማድረጋቸውን፣ ነቂዕ የተባለውንም መስክ ሒማ አድርገው መከለላቸውን እናውቃለን። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ የሒማውን ጠባቂ ጥቂት ግመልና በግ ያለውን ደሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑሥማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዲከላከል አዘዙት። ባለጸጎቹ ከብታቸው ቢያልቅ ተምርና እርሻ አላቸው፤ ደሃው ግን ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ ይቆማል።

ለማኙ ሀብታም ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በዚህ ሚዛን ቀላል በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ከልካዮቹም ተከልካዩም ደሆች ናቸው። ከሸንጎው በኋላ ሽማግሌውን «አባባ፣ ይህ ሰው ምን ይብላ?» አልኳቸው። «ምንጩ ከደረቀ የእሱም ልጆች ይጠማሉ፣ ልጄ» አሉኝ። ሐቅ ነው። ጥያቄዬን ግን አልመለሰውም።

በእኔ እምነት ክልከላው ትክክል ነበር፤ የአንድ ዓመት በቆሎ ለሁሉም የሆነን ውኃ አይገዛም። ነገር ግን የዑመር (ረ.ዐ.) ትእዛዝ ለግጦሹ ብቻ ሳይሆን ለደሃውም ጥበቃ ነበር። ስለ ጋራ ሀብት ብሎ የከለከለ ሁሉ የተከለከለውን ሰው ረሃብ በከፊል ተሸክሟል፤ ሣሩን አስታጭደን የምንጎዘጉዘው ከተሜዎችም ጭምር። በዚያች ቀን ግን ማንም አልተሸከመለትም። ሰውየው ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በጨፌው ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ።