የተመልካች ዕዳ

ማየት ዕዳ ያመጣል ወይ? አብዛኛው ሰው አያመጣም ይላል። ሰው የሚጠየቀው በሠራው ነው፤ ቢበዛ ደግሞ መሥራት ሲገባው በተወው። በዓይኑ ላለፈው ነገር ግን ማን ይጠይቀዋል? በቀን ስንት ነገር ይታያል፤ ሁሉም ዕዳ ከሆነ ከቤቱ የሚወጣ አይኖርም።

ጥያቄውን በሰው ጉዳይ መፈተን ያስቸግራል። ሰው ሲሆን ዝምድናው፣ ሃይማኖቱ፣ ሕጉና ይሉኝታው ተደራርበው ስለሚገቡ የትኛው እንደሚያስገድደን አይለይም። የጎረቤት ልጅ ወንዝ ቢወስደው ዘለን የምንገባው ስላየን ነው ወይስ ነገ የእናቱን ፊት እንዴት እናያለን ብለን? ስለዚህ ዘመድ የሌለው፣ ከሳሽ የማያቆም፣ ለእራትም የማይሆን ፍጡር ይሻላል። ሳሪስ አቦ አካባቢ እንዲህ ያለ አለ።

ከአቦ ወደ ቃሊቲ የሚወስደውን አስፋልት ትቶ በስተምዕራብ ቁልቁል የወረደ ሰው ትንሹን አቃቂን ያገኛል። ዳር ለዳሩ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ተተክሏል። ከአትክልቱ ወዲያ ባለው ሣር ላይ በክረምት ይብራዎች ሲግጡ ይታያሉ። የወፍ አጥኚዎች የግብፅ ዝይ ይሏቸዋል፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉንም ዳክዬ ብለው ይገላገላሉ። መልካቸው ቡናማ ነው፤ ዓይናቸው የተኳለ ይመስላል፤ ሲበሩ ከክንፋቸው ላይ ሰፊ ነጭ ይገለጣል። ሴቷ አንድ ወር ገደማ ትታቀፋለች፣ ወንዱ ዘብ ይቆማል፤ ከተፈለፈሉ በኋላ ሁለቱም ከጫጩቶቻቸው አይለዩም። ጫጩቶቹ ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ይፈጅባቸዋል። በሰኔ መጨረሻ የተፈለፈለ እንግዲህ ሐምሌንና ነሐሴን በእግሩ ነው የሚያሳልፈው።

አገራችን የራሷ ዝይም አላት፤ ክንፏ ሰማያዊ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማትገኝ። እሷን የፈለገ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወይም ወደ ገፈርሳ ይውጣ። የሚገርመው ገፈርሳም የዚሁ የትንሹ አቃቂ ራስጌ ነው። እላይ ከተማው የሚጠጣው ውኃ ይቀዳል፤ እታች ከተማው የደፋው ይደርሳል። ሁለቱ ዝይዎች የአንድ ወንዝ ሰዎች ናቸው ማለት ይቻላል፣ ኑሯቸው ባይገናኝም።

ለእራት የማይሆን ያልኩት በቀልድ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ይብራን ከማይበሉ አዕዋፍ ተርታ ስለሚቆጥር ክርስቲያኑ አይነካቸውም። ባለቤትም የላቸውም። በእንግሊዝ አገር በክፍት ውኃ ላይ ያለ ምልክት ያልተደረገበት ስዋን የዘውዱ ንብረት ነው፤ በየዓመቱ በሐምሌ የንጉሡ ሰዎች ቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ እየዞሩ ይቆጥሯቸዋል። የኛን የሚቆጥር የለም። ያያቸውን ሰው ከእነሱ ጋር የሚያገናኘው ማየቱ ብቻ ነው፤ ለጥያቄያችን የሚመቹትም በዚሁ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። እኔ አትክልት ከሚያለሙ እናት ጋር በአንድ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ተጠልያለሁ። ሴቷ ይብራ ክንፎቿን ከጎኗ ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። ሰባቱ ጫጩቶች እየተጋፉ ከሥሯ ገቡ፤ የዘገየው አንዱ ቦታ አጥቶ በጅራቷ በኩል ዞረ። ወንዱ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ምንቃሩን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆመ። እንደዚያ ሲቆም በረዶው የሚያገኘው ሰፊውን ጀርባውን ሳይሆን የምንቃሩን ጫፍ ነው። ሲመታው ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ወዲያው ወንዙ ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ እያንከባለለ ከፍ አለ። ውኃው እግሯ ሥር ሲደርስ ሴቷ ተነሣች፤ ጥቂት ወደ ዳገቱ ራመድ ብላ እንደገና ተቀመጠች፤ ጫጩቶቹም እንደገና ከሥሯ ተሸጎጡ።

«ምን ታያለህ ልጄ?» አሉኝ እናትየው።

«ዳክዬዎቹን ነው እማማ፤ እንዳይሞቱ ብዬ።»

«አንተ ስላየሃቸው መሞታቸው ይቀራል?»

ፌዝ ነበረበት፤ ፌዙን ትቶ ለያዘው ግን ከባድ ነገር ነው። ማየቴ ለይብራዋ አንዲት ጠብታ አላስቀረላትም። ታዲያ ትርፉ ለማን ነበር?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ባለቅኔ ሉክሬቲዩስ ለዚህ ሳያፍር ይመልሳል። በማዕበል የሚንገላታን ሰው ከየብስ ሆኖ ማየት ለተመልካቹ ደስታ እንደሚሰጥ ጽፏል፤ ሌላው መከራ ማየቱ አስደስቶት ሳይሆን፣ እሱ ራሱ ከዚያ መከራ ውጭ መሆኑ ስለሚሰማው። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን በክረምት በቆርቆሮ ሥር የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ያ የጣሪያ ጩኸት የሚጥመው ከሥሩ ላለ ሰው ነው። እኔ የማልቀበለው የምሳሌውን አቀማመጥ ነው። ሉክሬቲዩስ ተመልካቹን የብስ ላይ፣ መከረኛውን ባሕር ላይ አስቀምጦ ፈጽሞ ለያያቸው። ማዕበሉን ያስነሣው ተመልካቹ ስላልሆነ ሳይከራከር ንጹሕ ይወጣል።

ሰፈሩ በስማቸው የሚጠራው ጻድቅ ደግሞ በተቃራኒው ይቆማሉ። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ላይ አንበሶችና ነብሮች በዙሪያቸው አሉ፤ አንዲት ወፍ ከዓይናቸው ዕንባ ትጠጣለች። ትውፊቱ በድርቅ ዘመን ውኃ ያጣች ወፍ ናት ይላል። ጻድቁ የጸለዩበት ዝቋላ ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚህ ሆኖ በስተደቡብ ይታያል። በዚህ ሥዕል ተመልካችና መከረኛ የሚባል ልዩነት የለም። ዓይን መጠጫ ሆኗል፤ የየብስና የባሕር ርቀት ጠፍቷል። ከሉክሬቲዩስ ጋር አንድ ማዕድ ቢቀርቡ የሚግባቡ አይመስለኝም።

ልቤ ወደ ጻድቁ ያደላል፤ ይብራዋ ግን አልፈቀደችልኝም። ጃንጥላ ይዤ ብወርድላት ምን ይሆናል? ወንዱ እያፏጨ ይነሣብኛል፤ ሴቷ ትደነግጣለች፤ ጫጩቶቹ ይበተናሉ። የጫጩት ለምድ ደግሞ ከእናቱ ክንፍ ውጭ በዶፍ ከራሰ ቅዝቃዜውን አይችልም። በረዶው የማይገድለውን የኔ ርኅራኄ ይገድለዋል። በዚያች ሰዓት ልሰጣት የምችለው ትልቁ ነገር ባለሁበት መቆየት ነበር። አካሄዱ የሉክሬቲዩስ ይመስላል፤ ከእሱ የሚለየኝ ምንም አላደረግሁም፤ ልዩነት ካለ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ሲያባራ ጫጩቶቹ ስድስት ሆነው ወጡ። እናትየው «ዝናብ ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉ።

ምን ይደረጋል የምንለው ተከሳሽ በማይገኝበት ቦታ ነው። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ፈላስፋ ጁዲት ሽክላር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ መከራንና በደልን የሚለየው ድንበር ተፈጥሮ የዘረጋው ቋሚ መስመር አለመሆኑን ትሞግታለች። አንድን ጥፋት መከራ ነው ብሎ መተው ብዙ ጊዜ የሰዎች ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ደግሞ ለአንዳንዶች ይመቻል። ማዕበልን ማየት የምንወደውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ማዕበል ፍርድ ቤት አይቀርብም።

የሰባተኛው ጫጩት ጉዳይ ግን ይህን ያህል አይጠራም። ዝናቡን ማንም አላዘነበውም እንበል። ከቆርቆሯችን ላይ የወረደው ውኃስ ወዴት ሄደ? በአሸንዳው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ይብራዋ እግር። ቀድሞ አፈርና ሣር ይጠጣው የነበረው ዝናብ ዛሬ ከጣሪያና ከአስፋልት ላይ ተንሸራቶ በአንድ ጊዜ ወንዝ ይገባል፤ ስለዚህ ወንዙ በቅጽበት ይሞላል። የተጠለልኩበት ዳስ ራሱ ወንዙን ሞልቷል። ከዚህ ወዲያ ሉክሬቲዩስን መጥቀስ አልችልም፤ የቆምኩበት የብስ ማዕበሉን ከሚያስነሡት አንዱ ነውና።

ከጎርፉ ጋር የሚመጣውም ሌላ ነው። ትንሹ አቃቂ በኮልፌና በመካኒሳ በኩል ሲወርድ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የመጸዳጃ ቤት ውኃ እየተቀበለ ነው። ከዚያ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፣ ሐይቁን እንቦጭ ወርሶታል፣ የተረፈው አዋሽን ይቀላቀላል። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከመስመሩ ያልተገናኘ ቤት ግን አሁንም ብዙ ነው። ያ ጫጩት ቀድሞውኑ የደከመ ነበር ወይስ ጎርፉ ጤነኛውን ወሰደው? ማንም ሊፈርድ አይችልም። ፍርድ አለመቻሉ ግን ዝናቡ ብቻ ነው ለማለት ፈቃድ አይሆንም።

እዚህ ላይ አውጫጭኝ ትዝ ይለኛል፤ አፈርሳታም ይሉታል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከመምጣቱ በፊት ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ያየ እስኪናገር ወደ እርሻው አይመለስም፤ ጥፋተኛው ካልወጣ ኪሣራውን ሁሉም ተካፍሎ ይከፍላል። አላወድሰውም። ስንት ንጹሕ ሰው በቂመኛ ምላስ ተጠቁሟል፤ ስንቱ በአጨዳ ወቅት ሜዳ ላይ ተጎልቷል። ሥር ያለው ሐሳብ ግን ከኛ ዘመን ይልቅ ጠንካራ ነው። ያየኸው ነገር የግልህ አይደለም፤ የተበደለው ሰውም ድርሻ አለበት።

በዚህ መንገድ ሲታይ በማዕበሉ ሰዓት አጥቼው የነበረው ልዩነት ይገኛል። የተመልካች ነገር ዝናቡ ሲያባራ ያልቃል። ምስክር የሚሆን ሰው ግን ምንም የሚያጓጓ ነገር በሌለበት ጊዜ ተመልሶ መምጣት አለበት፤ በጥር፣ በየካቲት። ያኔ በረዶም የለም፣ ደፋር ወንድ ይብራም ምንቃሩን አይቀስርም። ውኃው ሲቀጥን ቀለሙ የሚለየው፣ ሽታው የሚከፋው፣ የየትኛው ቱቦ እንደሆነ በዓይን የሚታየው ግን ያኔ ነው። እኔ የሚገባኝ ዕዳ ይህ ነው፤ ማዕበል ውስጥ መግባት ሳይሆን በበጋ ያዩትን መናገር።

ከመናገር አልፎ የተሠራም አለ። በ2011 የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ለማልማት የታቀደ ነው፤ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ። ቆሻሻ መጣያ የነበረ ዳርቻ መናፈሻ ሲሆን የሚከፋ ሰው አይኖርም። ቅሬታዬ ትንሽ ናት። ይብራ ሣር ግጣ የምታድር ፍጡር ናት፤ መብረር ያልጀመረ ጫጩት ደግሞ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ አይወጣም። ጎርፉ ሲመጣ ሴቷ ራመድ ያለችበት ዓይነት ተዳፋት ካልተተወላት፣ ዳርቻው ለሚያይ ሰው ብቻ ይሆናል።

የአውጫጭኙን ሐሳብ ለእናትየው ነገርኳቸው። ወንዙ ዳር ስብሰባ ቢጠራ መጀመሪያ የሚታዩት እሳቸው ናቸው፤ ጎመናቸው በዚያ ውኃ ስለሚጠጣ ጣት ሁሉ ወደ እሳቸው ይቀሰራል። ውኃውን ያበላሸው ግን ከእሳቸው ብዙ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ምናልባትም ወንዙን አይቶት አያውቅም። ያላየን ሰው አየሁ በል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ስብሰባው ከላይ፣ ከገፈርሳ ጀምሮ ሰፈር በሰፈር እየወረደ መምጣት አለበት፣ እዚህ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው አልኳቸው። የቀጠፉትን ቆስጣ እያሰሩ ሰሙኝ።

«ይሁን» አሉ፤ «እዚህ ሲደርስ ቅዳሜ እንዳይሆን ብቻ። ቅዳሜ ገበያ አለብኝ።»