ለገሃር ፈርሷል?

የድሮው ባቡር ወሬ በተነሳ ቁጥር «ለገሃር እኮ ፈረሰ» እላለሁ። የባቡር ጣቢያው ሕንፃ ግን አልፈረሰም። በ1922 ዓ.ም. እንደተመረቀ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ፣ ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጀርባ ቆሟል። በ2011 ዓ.ም. 36 ሄክታር የሚሆነው አካባቢ ለአዲስ ግንባታ ሲታጭ እንኳ ጣቢያው በቅርስነት እንዲቆይ ነው የታቀደው። ታዲያ ፈረሰ የምለው ምኑን ነው?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ቀላል ነበር፤ ባቡር የማይመጣበት ጣቢያ፣ ጣቢያ አይባልም። ከድሬዳዋ የሚመጣው አሮጌው ባቡር ቀርቷል፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ መነሻው ወደ ፉሪ ለቡ ሄደ። የከተማው ባቡር ከከተማው ወጣ ብዬ አዘንኩ። ይህ ግን ሲመረመር አይጸናም። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር ራሱ የከተማዋ ደቡብ ዳርቻ ነበር፤ ኋላ ከተማዋ ናት ቁልቁል ወርዳ የከበበችው። ዛሬ እኔ ለቡ ራቀኝ የምለውን የዚያን ጊዜ የአራዳ ሰውም ስለ ለገሃር ሳይል አልቀረም።

እንግዲያው ሐዘኑ ከልጅነቴ የመጣ ይሆናል ብዬ ወደዚያ ዞርኩ። አክስቴ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ይነግዱ ነበር። ከእናቴ ጋር ልንቀበላቸው እንሄዳለን። ለባቡሩ ሰዓት ቆርጦ የሚናገር አልነበረም፤ «አዋሽን አልፏል»፣ «ናዝሬት ቆሟል» የሚል ወሬ ብቻ ነው የሚናፈሰው። በመጨረሻ ከፍተሻ የተረፈው ተሳፋሪ አንድ በአንድ ይወጣል። አክስቴ ሲወጡ ሁልጊዜ ወፍራም ናቸው። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ቀሚሳቸውን ያወልቃሉ፤ ከሥሩ ሌላ ቀሚስ፣ ከእሱም ሥር ሌላ፣ ከዚያ ወገባቸው ላይ የተጠመጠመ አዲስ ጨርቅ። «እትዬ፣ ድሬ ሲሄዱ ይወፍራሉ እንዴ?» ያልኩ ዕለት እናቴ አፌን ያዘችኝ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።

ይህንንም ተጠራጠርኩት። ቤተሰብ ደጋግሞ ያወጋው ነገር የራስ ትዝታ መስሎ ይቀመጣልና። የእናቴ መዳፍ ሽንኩርት ይሸት እንደነበር ግን ማንም አውግቶልኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ቢያንስ እሱ የእኔ ነው። ችግሩ፣ ይህ የሆነው ቤታችን ውስጥ እንጂ ለገሃር አይደለም። የቤቱን ለቤት መልሼ ከጣቢያው የተረፈልኝን ብፈልግ፣ ያገኘሁት መጠበቅን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ያፈረሰ ግሬደር የለም። ባቡሩ ዛሬም ለገሃር ቢገባ አክስቴ ከሞጆ ይደውሉ ነበር፤ እኛም ቤት ተቀምጠን ሻያችንን እንጠጣ ነበር።

እዚህ ላይ ተረታሁ ብዬ ልተወው ስል አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። ቅርስ ነው ሲባል በየፎቶው የማየው የሕንፃውን ፊት ነው። ጣሊያን ሮም ወስዶት የነበረው፣ ኋላም የተመለሰው አንበሳ የቆመው በዚያ በኩል ነው፤ ለንጉሥና ለእንግዳ የሚሆን ፊት (ማማሩስ ያምራል)። ተሳፋሪ የሚያውቀው ግን ጀርባውን ነው፤ ፉርጎው የሚቆምበትን፣ ሻንጣና ዘንቢል የሚወርድበትን፣ ፈታሾቹ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚጠብቁበትን። ሐዲዱም ቢሆን ተራ ብረት አይደለም። የአሮጌው ስፋት አንድ ሜትር ነበር፣ የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር፤ ስለዚህ የድሮው ባቡር ተጠግኖ ቢነሳ እንኳ በአዲሱ መሥመር አይሄድም። ከሕንፃው ኋላ ከዚያ ጠባብ ሐዲድ ጥቂቱ ካልቀረ፣ ነገ የሚመጣ ልጅ ቤቱን አይቶ ባንክ ነበር ቢሉትም ያምናል።

ስለዚህ «ፈረሰ» ማለቴን ለጊዜው ወደ «ጀርባው እንዳይፈርስ» ቀይሬዋለሁ። ምረጥ ብባል ሐዲዱን፣ መሳፈሪያውንና ያንን የፍተሻ ጠረጴዛ አስቀራለሁ። አክስቴ በሕይወት ቢኖሩ ግን በሦስተኛው አይስማሙም ነበር። እዚያ ላይ የቀረባቸውን ሸቀጥ እስከ መጨረሻው በስም እየጠሩ ይቆጥሩት ነበር፤ ጠረጴዛውን የሚመኙት ለማገዶ ነው።