መርከብና መሐላ

በ2016 ዓ.ም. ከፈረሱት የፒያሳ ቤቶች አንዷ ደንበኛ የሆንኩባት ቡና ቤት ነበረች። አንድ ቀን እዚያ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ የሆኑትን ሽማግሌ፣ «ጋሼ፣ መርከበኛ ከመርከቡ ጋር ይሰምጣል እንጂ ይሸሻል እንዴ?» ሲል ጠየቃቸው። ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ።

ወጣቱ የነካው «ኢትዮጵያ» የተባለችውን መርከብ ነው። ይህች መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ኦርካ» በሚል ስም በአሜሪካ ባንዲራ ሥር ፓስፊክ ውስጥ ጃፓንን ስትወጋ የነበረች ናት። በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ መጥታ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብና የባሕርተኞች ማሠልጠኛ ሆነች። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከእጅ ወጣች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ መርከቧ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ወጣቱ የሚፈልገው ሕግ በሙሉ የተፈጸመው ያኔ ኦርካ በምትወጋው ወገን፣ «ያማቶ» በተባለችው የጃፓን ጦር መርከብ ላይ ነው። ያማቶ ከእኅቷ ከሙሳሺ ጋር በዓለም አቻ ያልነበራት ግዙፍ መርከብ ስትሆን፣ ያለ አውሮፕላን ከለላ ወደ ኦኪናዋ ተላከች። አዛዡ አድሚራል ሴይቺ ኢቶ ዘመቻው ከንቱ ነው ብሎ ቢቃወምም በመጨረሻ እሺ አለ። መጋቢት 29 ቀን 1937 ዓ.ም. የአሜሪካ አውሮፕላኖች በሁለት ሰዓት ያህል ውስጥ አሰጠሟት፤ 3,000 ያህል ሰው አለቀ። መርከቧ ስትዘም ኢቶ ዘመቻውን ሰረዘ፤ የቀሩት መርከቦችም የተረፈውን ሰው እንዲያነሡ አዘዘ። እሱ ግን ወደ ክፍሉ ገብቶ አብሯት ሰመጠ።

ብዙዎች የሚያደንቁት ይህን አሟሟቱን ነው። እኔ የማደንቀው ትእዛዙን የሻረበትን ቅጽበት ነው። ዳሩ ግን ያንን ቃል ለመናገር 3,000 ሰው ማለቅ ነበረበትን?

ታዲያ የሸሸ ሁሉ ጸደቀ ማለቴ ነውን? አይደለም። ሽማግሌው ከረጅም ዝምታ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ መርከቧ ስትነሣ ወደብ ላይ የቀረ ጓደኛ ነበረኝ። ስለ መርከቧ ጠይቀኝ፣ እመልስልሃለሁ። ስለ እሱ ግን አትጠይቀኝ።» ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ።

ወጣቱ የጠየቀው ስለ ብረቱ ነበር። መሐላ ግን የሚያስጠይቀው በሰው ነው፤ የሰመጠውንም፣ የሸሸውንም።