ከተነቀለ በኋላም ያው ሮማኔ ኮንቲ ነውን?

በፈረንሳይ ቡርጎኝ፣ ቮን ሮማኔ በምትባል መንደር፣ 2 ሄክታር እንኳ የማይሞላ የወይን ማሳ አለ። ሮማኔ ኮንቲ ይባላል፤ የወይን ጠጁ በዓለም ላይ በውድ ዋጋ ከሚሸጡት አንዱ ነው። ጥንት የሳን ቪቫን ገዳም ርስት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1760 ልዑል ደ ኮንቲ ገዛው፤ በኋላም የፈረንሳይ አብዮት ወርሶ ሸጠው። ባለቤት ቢለዋወጥም ማሳው ያው ነው ለማለት አይከብድም። የሚያስቸግረው የተክሉ ጉዳይ ነው። ለዘመናት ያረጀው ሐረግ ታጥፎ አፈር ይለብስና ሥር ሲያወጣ አዲስ ተክል ይሆን ስለነበር፣ ልጁ ከእናቱ አካል የተቀጠለ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ ሲፈጅ፣ ሌሎች የአሜሪካ ሥር እያመጡ የራሳቸውን ቅርንጫፍ አጣበቁበት። እዚህ ግን አፈሩን በካርቦን ዳይሰልፋይድ እየወጉ አሮጌውን ተክል አቆዩት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኬሚካሉንም ሠራተኛውንም አሳጣቸው፤ በ1945 የተገኘው 600 ጠርሙስ ያህል ብቻ ነበር፤ ከለቀማው በኋላ ተክሉ ሁሉ ተነቀለ። በ1947 በአሜሪካ ሥር ላይ የቆመ አዲስ ተክል ገባ። ታዲያ ከ1952 ጀምሮ በዚያው ስም የሚወጣው ጠጅ ያው ነውን?

ብዙዎች «አፈሩ አለ አይደል?» ይላሉ። አፈሩማ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ወሰኑን ራሱ አላሰመረም። ከበላዩ ያለው ላ ሮማኔ በዚያው ተዳፋት ላይ ሆኖ ሌላ ስም፣ ሌላ ባለቤት አለው። በቡርጎኝ ዳገቶች ዝናብ ያወረደውን አፈር ተሸክሞ የሚመልሰውም ሰው ነው። ጣዕምም አይዳኝም፤ ከአንዱ ተክል እንኳ የዘንድሮው ከአምናው ይለያል። እኔ አንድነቱን የማየው በተጠበቀ ቃል ውስጥ ነው፦ ይህን ስም የሚሸከመው ለስሙ የበቃ የዚህች መሬት ጠጅ ብቻ ይሆናል በሚል ቃል። ከ1946 እስከ 1951 ድረስ በዚህ ስም አንድም ጠጅ አልወጣም፤ ወጣት ወይን ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ፍሬ ቢጀምርም ስሙን እንዲሸከም አልተቸኮለም።

ይህ ዋጋን ለመጠበቅ የተደረገ የነጋዴ ብልሃት ነው የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ጥቅም የሚያስገኝ ቃል ከቃልነቱ አይወጣም፤ የስድስት ዓመት ገቢ መተውም ቀላል አይደለም። ጠንከር ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሁሉም ነገር ቃል ከሆነ፣ ስሙን ወደ ሌላ ኮረብታ ወስዶ ቃሉን እዚያ መጠበቅ አይቻልምን? አይቻልም፤ ቃሉ የተገባው ስለዚህች መሬት ነውና። መሬቷ ቃሉ የሚመለከታት ነገር ናት፤ ያለ ጠባቂ ግን በ1945 የተቋረጠውን በ1952 የሚቀጥል ነገር በአፈሯ ውስጥ ብቻ አይገኝም።