ተጠያቂው ማን ነው?

ዘጋቢ ፊልም የሚማር ሰው ቀድሞ ከሚለምዳቸው ነገሮች አንዱ ወንበር ማስተካከል ነው። ወንበሩ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞራል፤ የሚያንጎራጉረው ማቀዝቀዣ ከሶኬቱ ይነቀላል፤ እንግዳው ጥያቄውን በመልሱ ውስጥ ደግሞ እንዲናገር ይለመናል። ጠያቂው ራሱን ሲነቀንቅ የሚታይበት ምስል ደግሞ እንግዳው ከሄደ በኋላ ለብቻው ይቀረጻል። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ ከቴአትር በምን ተለየ?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ አማርኛችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጥያቄ የሚቀርብለትንም ሆነ ኃላፊነት የሚወድቅበትን ሰው «ተጠያቂ» እንላለን። ቃሉን የተናገረው ሰው ለቃሉ የሚጠየቅ እስከሆነ ድረስ ወንበሩን ማንም ያዙረው፣ ምስክርነቱ ምስክርነት ነው።

ክሎድ ላንዝማን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ የሚረዝመው «ሾዓ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህን ሐሳብ እስከ ጫፍ ይፈትነዋል። አብርሃም ቦምባ በትሬብሊንካ የናዚ ካምፕ የሚገደሉ ሴቶችን ፀጉር እንዲቆርጥ የተገደደ አይሁዳዊ ነበር። ላንዝማን እስራኤል ውስጥ ፀጉር ቤት ተከራየ፤ ሥራውን ትቶ ለነበረው ቦምባ ሰው አስቀመጠለት፣ መቀስ አስያዘው። ቤቱ የኪራይ፣ ደንበኛውም ለቀረጻ የመጣ ነው። ሆኖም ቦምባ የባልደረባው ሚስትና እህት ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ስለገቡበት ቀን ሲያወራ ድምፁ ይቆረጣል። ማንም ያንን ቃል በአፉ አላኖረለትም። ላንዝማን የፈለገው ይህንኑ ስብራት አይደለምን? ሰውየው ይብቃኝ እያለ አልገፋውምን? ገፍቶታል፤ ተቃውሞውን ማቃለል አልችልም። ክሱ ግን የጭካኔ ነው፤ የሐሰት ክስ ሌላ መዝገብ ነው።

ሮበርት ፍላኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣውን «ናኑክ» የተሰኘ ፊልም ሲሠራ ብርሃን እንዲገባ ግማሹ የተቆረጠ የበረዶ ቤት አሠርቷል። ይህን እምረዋለሁ። ጠመንጃ የለመዱ አዳኞችን በጦር እንዲያድኑ ማድረጉ ግን ሌላ ነው፤ ዋናው ሰው አላካሪያላክ፣ ስሙ እንኳ ተለውጦ፣ ለአባቶቹ ኑሮ እንደ ራሱ ኑሮ ተጠያቂ ሆኗል። የፊልም ተማሪው እንግዳውን «እንደገና ይበሉት» ሲልም መለያው ይኸው ነው። በፖሊስ ጣቢያ የተናገረውን በችሎት የሚደግም ምስክር ተዋናይ አይባልም። «በጣም አዝኜ ነበር ይበሉ» ከተባለ ግን አፉ የእንግዳው፣ ቃሉ የተማሪው ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ውሸትን የመዘነው በተናጋሪው ልብ ነበር፤ ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ እንኳ ያላመነበትን የሚናገር ይዋሻል።

ያልተሰናዳ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። እዚያው «ሾዓ» ውስጥ የቀድሞው የናዚ ኤስ ኤስ አባል ፍራንዝ ሱኮመል በድብቅ ካሜራ ተቀርጿል፤ ስምህ አይገለጽም ተብሎ ስሙ ተገልጿል። የተናገረው የራሱ ነው፤ ውሸቱ የጠያቂው ቃል ኪዳን ላይ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው እውነት አይገባውም የሚሉ አሉ፤ እኔም ልሞግታቸው አልቸኩልም። የሚያሰጋኝ ዘዴውን እንደ ሙያ ብልሃት ይዞ የሚወጣው ተማሪ ነው። የጀበና ቡና የምታፈላዋን እናት «አጥፍቼዋለሁ፣ ዝም ብለን እናውራ» ይላታል፤ የካሜራው ቀይ መብራት በፕላስተር ተሸፍኗል፤ ወንበሯንም ማንም አልነካውም።