እየሄዱ ማሰብ፦ ከቅኔ ቆጠራ እስከ ብስክሌት

ሐሳብ የሚወለደው ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ አካል ነው ወይስ ከሚንቀሳቀስ? ነፍስንና ሥጋን አጥብቆ የሚለይ ሰው የፊተኛውን ይመርጣል። ማሰብ የነፍስ ሥራ ከሆነ እግር ነፍስን መጽሐፍ ካለበት ከማድረስ ያለፈ ድርሻ የለውም። በጎንደር፣ በወገራና በስሜን ለዘመናት የቆየው የአብነት ትምህርት ግን ለእግር ከዚህ የሰፋ ቦታ ሰጥቶታል። ይህን የሚያሳየው የትምህርት ቤቱ የቀን ውሎ እንጂ በመጽሐፍ የሰፈረ የፍልስፍና ክርክር አይደለም።

የቅኔ ተማሪ ግሥና አገባብ ከመምህሩ ይሰማል፤ መምህሩ ሲዘርፍ ያዳምጣል፤ ሰሙ ከወርቁ እንዴት እንደተጋጠመ ያያል። ከዚያ የራሱን ቅኔ ለመቁጠር ከጉባኤው ይለያል። ወደ ዱር፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ከሰው ዓይን ወደራቀ ሜዳ ይወጣል። አንዱ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ሌላው ወዲያ ወዲህ እያለ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ብዕርና ወረቀት አያስፈልገውም፤ ቤቱ የሚመታው፣ ልኩ የሚጠበቀው፣ ምሥጢሩም የሚቋጠረው በቃል ነው። ሲሞላለት ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ያርመዋል፣ አለዚያም ውድቅ አድርጎ ይመልሰዋል። ጀማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ብዙ ቆይቶ ነው።

በዚህ ሥርዓት መስማት አንድ ነገር ነው፣ መቁጠር ሌላ፣ መታረም ደግሞ ሦስተኛ። ከደጅ የሚሠራው መካከለኛው ብቻ ሲሆን ሁለቱ የጉባኤ ሥራዎች ናቸው። እየሄዱ ስለማሰብ በየዘመኑ ከተነገረው ብዙው ነገር ይህን ድንበር ስለሚዘነጋ መንገዱን ብቻ ያወድሳል።

በእርግጥ የአብነት ተማሪ መንገድ ከመንደሩ ዳርቻ አያልፍም ማለት አይደለም። የጎንደሩ ለቅኔ ወደ ጎጃም ይሻገራል፤ የጎጃሙ ለአቋቋም ጎንደር በአታ ይወጣል፤ ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አምባ ያቀናል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየመከተ የሚሄደው ይህ ልጅ በመንገድ ላይ ቀለሙን ይከልሳል። ጉዞው ግን በዋናነት ወደ መምህር የሚያደርስ ጉዞ ነው፤ ዱር ለዱር መዞር በራሱ ማንንም ባለቅኔ አላደረገም።

የስሜን ምድር ከዚህ ጉዳይ ጋር የተሳሰረው በቅዱስ ያሬድ በኩል ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት ይህ ሊቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት፣ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ ቢቀጣው ከአክሱም ሸሸ። ማይኪራህ ከምትባል ቦታ ሲደርስ ከዛፍ ሥር አረፈ፤ በዚያም አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻ ሲሳካለት ተመለከተ። ከዚያ ወደ መምህሩ ተመልሶ ተማረ። በኋላም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማውን አቆመ። የሕይወቱን ፍጻሜ ትውፊቱ በስሜን በረሃ፣ በጸለምት በኩል ያደርገዋል። ከታሪኩ ዘወትር የሚጠቀሰው የትሉ ጽናት ነው፤ ቦታው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ያሬድ ትሉን ያየው በጉባኤ ተቀምጦ ሳለ አይደለም፤ በእግሩ ከደከመ በኋላ ትምህርቱን ከልቡ አውጥቶ በተቀመጠበት ሰዓት ነው። መዝሙር የሆነለት ግን ከተመለሰ በኋላ ነው።

በተቃራኒው የቆመ ጠንካራ ትምህርትም አለ፤ እርሱም የምንኩስና ነው። ከሊማሊሞ ማዶ፣ ከስሜን በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ቆላ የሚገኘው የዋልድባ ገዳም መናኝ የሚከበረው በመዞሩ አይደለም። በበአቱ በመጽናቱ ነው። አባ እንጦንስ ከበአቱ ውጭ የሚቆይን መነኩሴ ከውኃ በወጣ ዓሣ መስሎታል። ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብም ተራኪውን ከአክሱም አሽሽቶ በተከዜ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ያስቀምጠዋል፤ የመጽሐፉ ደራሲ ማን እንደሆነ ምሁራን እስካሁን ቢከራከሩም፣ የተራኪው ታላቅ ጥያቄ በዋሻ ውስጥ እንደተነሣ መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። እነዚህ ምስክሮች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም።

ሆኖም የመናኙ ጽሞና አካልን ሥራ አስፈትቶ የማስቀመጥ ጽሞና አይደለም። ስለዚሁ አባ እንጦንስ የሚነገር ሌላ ታሪክ አለ። ሀኬት ይዞት ሐሳቡ በተበተነበት ጊዜ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው አየ፤ ሰውየው ተቀምጦ ገመድ ይጎነጉናል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ይቀመጣል። መፍትሔው መፈራረቁ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ይህንኑ በሰፊው ይዟል፤ ስግደት ጉልበትንና ወገብን ይፈትናል፤ በማኅሌት ደግሞ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመው እያሸበሸቡ ያድራሉ። አቋቋም ራሱን የቻለ ጉባኤ ያለው ትምህርት በሆነበት አገር አካል ለምስጋናና ለምሥጢር ባዕድ ነው ማለት ያስቸግራል።

የዘመኑ ጥናት ወደዚሁ ነገር የመጣው በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ተመራማሪዎቹ ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ ባሳተሙት ሥራ፣ ሰዎች ለአንድ ተራ ዕቃ ያልተለመዱ አገልግሎቶችን እንዲያስቡ ተጠየቁ። ሲራመዱ የሚያመነጩት አዲስ ሐሳብ ተቀምጠው ከሚያመነጩት በአማካይ 60 በመቶ ያህል በለጠ። ባዶ ግድግዳ ፊት በመሮጫ ማሽን ላይ የተራመዱትም ተጠቅመዋል፤ ስለዚህ ዋናው ምክንያት አረማመዱ እንጂ የቦታው ውበት አልነበረም። ምሳሌ በመፍጠር ፈተና ግን ከደጅ የተራመዱት የበለጠ እንግዳና የጠለቀ ምሳሌ አምጥተዋል። ተራምዶ የተቀመጠ ሰውም ጥቅሙ ለጥቂት ጊዜ አብሮት ይቆያል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያላቸው ጥያቄዎች ሲቀርቡ ግን ተራማጆቹ ከተቀማጮቹ ትንሽ አነሱ። የቅኔ ቤት የቀን ውሎ ከዚህ ጋር መግጠሙ የሚያስገርም ነው፦ ብዙ አማራጭ የሚፈለግበት ቆጠራ ከደጅ፣ ስሕተት የሚለይበት እርማት ከመምህሩ ፊት።

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ገና ሙሉ አይደለም። መጠነኛ እንቅስቃሴ የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ ወደ አንጎል የሚደርሰውን ደም ይጨምራል፤ ከሁሉ በላይ ግን መራመድ ለለመደው ሰው ትኩረት የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ልቡና አንዱን ነገር ጨብጦ ከመያዝ ይላላል። የላላው ልቡና የራቁ ነገሮችን ያገናኛል። የሚያገናኘው ግን አስቀድሞ የያዘውን ነው። የአየርላንዱ ሊቅ ዊልያም ሀሚልተን እ.ኤ.አ. በ1843 በደብሊን ቦይ ዳር ሲራመድ ያገኘውን የሒሳብ ቀመር ድልድይ ላይ በቢላዋ ጫረው ይባላል፤ ለዚያ ቀን የደረሰው ግን ጥያቄውን ለዓመታት ሲያብላላ ኖሮ ነው።

እንግዲህ የእንቅስቃሴው ዓይነትና መልክዓ ምድሩ ለውጥ ያመጣሉ። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። የአገሬው ሰው አይሰማውም፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን በጥቂት አቀበት ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ሐሳቡም ወደ ሳንባው ይሰበሰባል። እየሄዱ ለማሰብ የሚበጀው ሳያቋርጡ ለመናገር የሚያስችል ርምጃ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ የሚያልፈው የብዙ ቀን ጉዞ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሰውነት ከለመደ በኋላ ለሐሳብ የሚመቸው ስለዚህ ነው። እዚያ ጓሳ ሲግጡ የሚውሉት ጭላዶችና በገደሉ ላይ ብቅ የሚለው ዋልያ ዓይንን ይይዛሉ እንጂ አያስጨንቁም።

በብስክሌት ላይ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጎላል። ብስክሌት እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳማ ከተማ ከእግር ጉዞ የማይተናነስ የሐሳብ ወዳጅ ነው፤ ፔዳሉ እኩል ምት አለው፣ መንገዱም ብዙ አይጠይቅም። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ባለው የወገራ ደጋም፣ ነፋሱና ዳገቱ ቢፈትኑም፣ ጉልበት ላለው ይሆናል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርበው ባወጡት በሊማሊሞ ቁልቁለት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በየጠመዝማዛው ፍሬን መያዝና ከታች የሚመጣን አይሱዙ ማሳለፍ ልቡናን ሁሉ ይወስዳል። በዚያ ላይ ቅኔ የሚቆጥር ካለ ወይ ቅኔው ወይ ራሱ ይወድቃል። ይህ መንገድ ፍርሃትን ሊያስረሳና ደስታን ሊሰጥ ይችላል፤ ሐሳብን ግን ከግርጌው እስኪደርስ ያቆየዋል።

ስለ መንገድና ሐሳብ ሲነገር ሌላም የሚረሳ ሰው አለ። ማገዶ ተሸክማ አቀበቱን የምትወጣ ሴት ከማንም ፈላስፋ ይልቅ ትራመዳለች። ሸክምና ጭንቀት ያለበት ርምጃ ነፃ ርምጃ አይደለምና በስታንፎርድ መለኪያ ሊታይ አይችልም። ይሁን እንጂ በአማራ አገር ሴቶች በወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው የፈጠሩት እንጉርጉሮ፣ እረኞችም በዋሽንት ያወጡት ዜማ፣ ተደጋጋሚ የአካል ሥራ ግጥም እንደሚያፈልቅ ይመሰክራሉ። የቆሎ ተማሪውም ቢሆን ሆዱ ሞልቶለት አይቆጥርም። ድካም ሁሉ ሐሳብን ይገድላል የሚለው አባባልም ስለዚህ አይጸናም።

የሚቀረው ሃይማኖታዊው ጥያቄ ነው። ርምጃ ሐሳብን ካመጣ ምሥጢር ተገለጠለት የሚለው የሊቃውንቱ ንግግር ምን ይሆናል? ጾምና ስግደት ጸጋን በዋጋ እንደማይገዙ፣ ግን ሰውን እንደሚያዘጋጁ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ከጉባኤ ወጥቶ መራመድም ከዚሁ ወገን ሊቆጠር ይችላል። ጥናቱ የሚለካው ሐሳብ መቼ በብዛት እንደሚመጣ ነው፤ ከማን እንደመጣና እውነት መሆኑን አይለካም። የቅኔ መምህር ይህን የሚለይበት መንገድ አለው። ተማሪው ከሜዳ ይዞት የመጣው ቅኔ ቤቱ ቢመታ፣ ሰሙም ቢያምር፣ ወርቁ ሃይማኖት የሚያፋልስ ከሆነ አይቀበለውም፤ ተማሪውም በማግስቱ እንደገና ሊቆጥር ይወጣል።