እንንገረው ወይ?

ጥያቄው የመጣው በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ሰሞን፣ በ2014 መጀመሪያ ነው። ሌሊት ከባሕር ማዶ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው የአክስቴን የልጅ ልጅ የምታሳድገው ሴት ናት። ልጁ እናትና አባቱ ሞተውበት በ2001 ዓ.ም. ከከላላ ሲሄድ አራት ዓመቱ ነበር፤ አሁን 17 ሞልቶታል። በየዓመቱ የሚመጣውን ደብዳቤ ለአክስቴ የማነብላቸው፣ የእሳቸውንም ቃል እየተረጎምኩ የምመልሰው እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ከላላ ከመቐለ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው። በእጇ ያለው ወረቀት «ደቡብ ወሎ» ከማለት በቀር ሌላ አይነግራትም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ለልጁ እንንገረው ወይ?» አለችኝ።

«አትንገሩት» አልኳት፤ ሳላስብ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንዲህ አልኩ?

መጀመሪያ ያገኘሁት ምክንያት የአገሬ ወግ ነው። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለሰው ለብቻው አይነገርም። መርዶ የሚረዳው ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው። ይህን ልጅ እዚያ ማን ይይዘዋል? ማንስ አብሮት ያለቅሳል? በዚህ ልቤ አረፈ፤ ያረፈው ግን እስኪነጋ ብቻ ነው። መርዶ የሚደበቀው ሞቱ ከታወቀ በኋላ ነው። እኔ የማውቀው ሞት የለም። የማውቀው ጦርነቱ ወደ ወረኢሉና ወደ ጃማ ደጎሎ መዝለቁን፣ ጃማ ከከላላ ጋር መዋሰኑን፣ የአክስቴ ስልክ አለመጥራቱን ነው። መካነ ሰላም ያሉ ዘመዶቻችንንም ሞክሬ አላገኘኋቸውም። በእጄ ያለው ሥጋት ነው፤ ሥጋትን ከባለቤቱ መደበቅ ደግሞ የየት አገር ወግ ነው? «አብሮት የሚያለቅስ የለም» ማለቴም ልክ አልነበረም። የሴትዮዋ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታዲያ ወጉ ካልሆነ ምን ነበር? ራሴን ስመረምር ከሥሩ ቂም አገኘሁ። ልጁ ሲሄድ አገናኙ ሰው ለአክስቴ የነገራቸው «ተምሮ ይመለሳል» ብሎ ነው። እሳቸው የሚያውቁት የጡት ልጅነትን ነው፤ አውራ ጣት ማር ተቀብቶ ልጁ ሲጠባው የሚጸና ዝምድና። እንዲህ የተዛመደ ልጅ አባት ይጨምራል እንጂ የወለደውን አይተውም። ፎቶና ደብዳቤ ብቻ ሲመጣ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አክስቴ ምን እንደፈረሙ የገባቸው ቆይቶ ነው። እኔም «አትንገሩት» ስል ውስጤ «እናንተን ምን አገባችሁ» እያለ ነበር። ይህን ሳውቅ አፈርኩ።

ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ የተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ለውጭ አገር ሰው መስጠትን እስኪከለክል ድረስ። ያን ሌሊት በስንቱ ቤት ይህ ጥያቄ ተጠይቆ ይሆን እያልኩ ሕጉን አውጥቼ አነበብኩ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አንቀጽ 183፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደተጠበቀ ይቆያል ይላል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ይቀድማል። እዚህ ላይ እንደገና ተጠራጠርኩ። የእነሱ የሚቀድም ከሆነ መንገሩም መተዉም የእነሱ ፈንታ ነው፤ እኔ ምን አግብቶኝ? ግን ቀዳሚ የሚባለው ተከታይ ሲኖር ነው። ሕጉ ሁለት ቤት እንዳለው ካወቀለት፣ አንደኛው ቤት እሳት ሲቃረበው ልጁ እንዳይሰማ ማድረግ የእኔም የሴትዮዋም ሥልጣን ሊሆን አይችልም።

ደግሞስ ልጅን ከተወለደበት አገር መከራ ነጥሎ ማሳደግ ይቻላል? የሕፃናት አሳዳጊዋ አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ መጥተው በረሃብ ከተጎዱት መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ከልጆቹ ጋር የወሎ ረሃብ አብሮ ቤታቸው ገባ፤ ኑሯቸውም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የረታኝ ግን የአክስቴ ነገር ነው። በ2012 ኮሮና ሲነሳ በየቀኑ ያስደውሉኝ ነበር። «ያ በሽታ ልጄ አገር ገባ አሉ፤ ኧረ ጠይቅልኝ!» ይላሉ። «አብሽሩ፣ ደህና ነው» ብላቸው አያምኑኝም። ቡና አፍልተው፣ ጎረቤት ጠርተው ዱዓ ያስደርጋሉ፤ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለአሳዳጊዎቹም፣ ለአገሩም። ያን ጊዜ ሥጋቱን ልደብቃቸው አላሰብኩም። የአያትየዋን መብት ለልጅ ልጁ የነፈግኩት በምን ሚዛን ነው?

ደወልኩና «ንገሩት፤ የምናውቀውንም የማናውቀውንም» አልኳት።

ታኅሣሥ ላይ መስመሩ ሲመለስ ሦስታችንም በአንድ ስልክ ተገናኘን። ልጁ ያጠናውን «አሰላሙ አለይኩም» አለና ቀጥሎ ምን እንደሚል ጠፋው። አክስቴ ሰላምታውን መልሰው ስለ ራሳቸው አንድም ሳይናገሩ «እናትህስ ደህና ናት? ጦሩ እናንተ ዘንድ አልደረሰም?» ብለው ጠየቁት።

እንዳለ ተረጎምኩለት።

«አልደረሰም» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።